የመካከለኛው ዘመን ጀግሊንግ፦ ማስረጃው እንዴት ይመረመራል?

የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም በ1086 አብዛኛውን የአገሩን ክፍል አስቆጥሮ ያስጻፈው ትልቅ የመሬት መዝገብ አለ፤ ዶምስዴይ ይባላል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የግሎስተርሻየርን መሬት በሚዘረዝረው ክፍል በርዲክ የሚባል ሰው ይገኛል። ሦስት መንደር አለው፣ በመንደሮቹ አምስት ጥማድ ይጠመዳል፣ ግብር ግን አይከፍልም። ከስሙ ቀጥሎ ሥራው በላቲን ተጽፏል፦ የንጉሡ ዮኩላቶር።

በዚህች አንድ መስመር ላይ ብዙ ታሪክ ተገንብቷል። ንጉሡ ኳስ እየወረወረ ለሚቀልብለት ሰው ሦስት መንደር እንደሰጠ፣ ጀግሊንግም በዚያ ዘመን እንዲህ የተከበረ ሙያ እንደነበር ይተረካል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። መዝገቡ ግን ስለ ኳስም ሆነ ስለ ቢላዋ አንድም ቃል አይናገርም።

ጀግሊንግ የምለው ሰርከስ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው፦ ብዙ ዕቃ በሁለት እጅ እያፈራረቁ ወደ ላይ መወርወርና አንዱንም ሳይጥሉ መቅለብ። በመካከለኛው ዘመንና በህዳሴው ዘመን፣ ማለትም በግምት ከ500 እስከ 1600 ባለው ጊዜ፣ ይህ ጨዋታ እንደነበረ አስተማማኝ ምልክቶች አሉ። ችግሩ ያለው አስተማማኙን ከማያስተማምነው በመለየት ላይ ነው። እንደ ማስረጃ የሚቀርበው አብዛኛው ነገር ወይ ስለ ሌላ ሙያ የሚናገር ነው፣ ወይ ደግሞ ድርጊቱ ከተፈጸመ ከመቶ ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው። ለዚህ ነው አንዱን ከሌላው እንዴት መለየት እንደሚቻል በምሳሌ ላሳይ የፈለግሁት።

ከቃሉ መጀመር ግድ ነው፤ ያለ እሱ አንድም ሰነድ በትክክል አይነበብምና። ዮኩላቶር ማለት ሰውን በማጫወት የሚኖር ሰው ነው። አዝማሪ ዘፋኝም፣ ግጥም ደርዳሪም፣ አሽሟጣጭም፣ ወሬ አድራሽም እንደሆነው ሁሉ፣ ዮኩላቶርም ይዘፍናል፣ ተረት ይተርካል፣ ይገለባበጣል፣ እንስሳ ያስጨፍራል፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻም ሊሠራ ይችላል። ቃሉ በፈረንሳይኛ ዦንግለር፣ በእንግሊዝኛ ጀግለር ሆነ። ስለዚህ በርዲክ መንደሮቹን ያገኘው በዘፈን ይሁን በቀልድ ወይም በሌላ ጥበብ መዝገቡ አይለይልንም።

በእንግሊዝኛ ደግሞ ሌላ መጠላለፍ ተጨመረ። በ1500ዎቹና በ1600ዎቹ ጀግለር ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው የእጅ ምትሃተኛ ነበር። ሬጂናልድ ስኮት የተባለ የኬንት ሰው በ1584 ጠንቋይ እየተባሉ ለሚከሰሱ ምስኪኖች ጥብቅና የቆመ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎች የአጋንንት ሥራ የሚሉት ብዙው ነገር የእጅ ቅልጥፍና መሆኑን ለማሳየት ሲል የጀግለሮችን ጥበብ አንድ በአንድ ገለጠ። ኳሶች በመጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ ግን በጣት መሃል የሚደበቁ ትናንሽ ኳሶች ናቸው እንጂ ወደ ላይ የሚወረወሩ አይደሉም። ከኳሶቹ ቀጥሎ ሳንቲምና ካርታ ይመጣል፤ የተቆረጠ የሚመስል ራስ በሳህን ላይ የማሳየት ዘዴም ተገልጿል። በ1612 እና በ1634 ስለ ጀግሊንግ ጥበብ የወጡት ትናንሽ መጻሕፍትም ይዘታቸው ይኸው ነው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሂሮኒመስ ቦስ የሣለው፣ ቅጂዎቹም እስከ ዛሬ ያሉት ታዋቂ ሥዕል ላይ እንዲሁ ጠረጴዛ፣ ጽዋና ኳስ የያዘ ሰው ይታያል፤ ከተመልካቾቹ አንዱ አፉን ከፍቶ ሲያይ ከኋላው የቆመ ሌባ የገንዘብ ቦርሳውን እየወሰደበት ነው። ይህ ሥዕል በጀግሊንግ ታሪክ ውስጥ ሲጠቀስ አያለሁ። አየር ላይ ያለ ነገር ግን አንድም የለበትም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ማጣሪያ ግልጽ ነው። አንድ ሰነድ ጀግለር ወይም ዮኩላቶር ስላለ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ድርጊቱን መግለጽ አለበት፦ ምን ተወረወረ፣ ስንት ነበር፣ በምን ተቀለበ።

ድርጊቱን የሚገልጽ ሰነድ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ያኔ የሚጽፉት ሰዎች ስለ ድርጊቱ ለመጻፍ አልተቀመጡም። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የሚያስጨንቀው የወጣው ገንዘብ ነው። በ1306 በጰራቅሊጦስ በዓል ቀዳማዊ ኤድዋርድ ልጁን በዌስትሚንስተር ፈረሰኛ አድርጎ ሲሾም ለተሰበሰቡት አጫዋቾች የተከፈለው ሒሳብ በጥቅል ብራና ላይ ተመዝግቦ ቆይቷል። ብዙ ስም አለበት፤ ከስሞቹ መካከል አንዲት ማቲልዳ ሜክጆይ የምትባል ሴት ትገኛለች። በመገለባበጥ የምትታወቅ ሴት መሆኗን የምናውቀው ሌላ የክፍያ መዝገብ ስላላት ነው። የ1306ቱ ጸሐፊ ስሟንና ገንዘቧን ጽፎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ደግሞ የሚጽፉት ለኑዛዜ ነው። በ1216 ገደማ ቶማስ ዘቾብሃም የተባለ እንግሊዛዊ የንስሐ አባቶች መመሪያ ሲያዘጋጅ አጫዋቾችን በሦስት ከፈላቸው፦ ሰውነታቸውን በሚያሳፍር ሁኔታ የሚያጣምሙ፣ ቤተ መንግሥት ለቤተ መንግሥት እየዞሩ ሰው የሚያሙ፣ በመሣሪያ የሚያዜሙ። ከመጨረሻዎቹም ቢሆን የሚታገሡት የመሳፍንትን ጀብዱና የቅዱሳንን ገድል የሚዘምሩት ብቻ ናቸው። ኳስ ወርዋሪው ከየትኛው ክፍል እንደሚገባ ማንም አልጠየቀም። በፓሪስም በ1268 ገደማ የተጻፈው የሙያ ማኅበራት ደንብ፣ ዦንግለር የፔቲ ፖን ድልድይን ሲሻገር ቀረጥ በመክፈል ፋንታ አንድ ስንኝ ዘፍኖ እንዲያልፍ፣ ጦጣ የሚያዞር ደግሞ ጦጣውን አጫውቶ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ለቀረጥ ተቀባዩ የዦንግለር መታወቂያ ዘፈኑ ነበር ማለት ነው።

አሁን ድርጊቱን ወደሚገልጹት እንምጣ። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ታይፈር ነው፤ በጥቅምት 1066 የኖርማኖቹ መስፍን ዊልያም፣ ያው የዶምስዴዩ ንጉሥ፣ እንግሊዝን ባሸነፈበት በሄስቲንግስ ጦርነት ከኖርማኖች ሰልፍ ፊት ወጥቶ መሣሪያውን እየወረወረ ሲቀልብ እንግሊዞቹን አስደነገጠ የሚባለው አጫዋች። ምንጮቹን በዕድሜ ቅደም ተከተላቸው ብንደረድራቸው ምን ይሆናል?

ከድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የተጻፈ፣ የአሚየን ጳጳስ ጊ ሥራ ነው የሚባል የላቲን ግጥም አለ። ግጥሙ እንደሚለው ልበ ደፋር የሆነ አንድ አጫዋች፣ ብረት ቆራጭ የሚል ቅጽል ያለው፣ ከሰልፉ ፊት እየጋለበ ሰይፉን ወደ ላይ እየወረወረ ይጫወታል፤ ሊገጥመው የወጣን አንድ እንግሊዛዊ ገደለና የሟቹን ራስ ቆርጦ ለወገኖቹ አሳየ። ሰይፉ አንድ ነው። ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ የሚጽፈው ሄንሪ ዘሃንቲንግደን ላይ ስንደርስ ሰይፉ በብዙ ቁጥር ሆኗል። በ1130ዎቹ መጨረሻ ጄፍሪ ጌማር በፈረንሳይኛ ሲተርከው ደግሞ ታሪኩ ሙሉ ትርኢት ሆኖ እናገኘዋለን፦ ታይፈር ጦሩን ሦስት ጊዜ ወርውሮ በብረቱ በኩል ይቀልበዋል፣ በአራተኛው እንግሊዞቹ ላይ ይልከዋል፤ ከዚያ ሰይፉን መዞ እሱንም ሦስት ጊዜ ወርውሮ ይቀልባል፤ የሚያዩትም እርስ በርስ «ይህ አስማት ነው» ይባባላሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጻፈው ዋስ የተባለ ኖርማናዊ ባለቅኔ በበኩሉ ውርወራውን ከነጭራሹ አያነሣም። በእሱ ዘንድ ታይፈር በፈረስ ላይ ሆኖ ስለ ሻርለማኝና ስለ ሮላን የሚዘፍን፣ የመጀመሪያውን ምት የመምታት ፈቃድ ከመስፍኑ የሚጠይቅ ሰው ነው።

የመስፍኑ የራሱ ቄስ የነበረው ዊልያም ዘፗቲየ በ1070ዎቹ ስለ ጦርነቱ በሰፊው ሲጽፍ ታይፈርን አልጠቀሰውም። ጦርነቱን 68 ሜትር ገደማ በሚረዝም ጨርቅ ላይ በጥልፍ የሚያሳየው የባዩ ጥልፍም ስሙን አያነሣም።

ከዚህ የምወስደው ታይፈር ፈጽሞ አልነበረም የሚል ድምዳሜ አይደለም። የቀደመው ግጥም ለድርጊቱ ቅርብ ነው፤ የሚለውም ነገር ለሰው የሚቻል ነው። አንድ ሰይፍ ወደ ላይ ወርውሮ በእጀታው መቅለብ ፈረሰኛ በልምምድ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በየትውልዱ የተጨመረ ነው፤ ጭማሪውንም አንድ በአንድ ማየት እንችላለን። አንድ ሰይፍ መወርወር ደግሞ፣ ምንም ያህል ድፍረት ቢጠይቅ፣ ጀግሊንግ ከምንለው ጋር አንድ አይደለም። ታይፈር በጀግሊንግ ታሪክ ውስጥ ቦታ ካለው በጠርዙ ላይ ነው።

ሥዕሎች የተሻለ ይረዳሉ፤ ቢያንስ ዕቃው ሲወረወር ያሳያሉና። በእኔ ግምት ከመካከለኛው ዘመን ሥዕሎች ሁሉ ትልቅ ክብደት ያለው በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኘው፣ ጢባርዮስ በሚል የመደርደሪያ ስም የሚታወቀው መዝሙረ ዳዊት ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር የተሠራ ነው። ንጉሥ ዳዊት በገናውን ይዞ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን መዘምራኑ አሉ፤ ሌሎቹ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ አንደኛው ሦስት ኳስና ሦስት ቢላዋ እየወረወረ ይቀልባል። እዚህ ላይ በቃል የሚያከራክር ነገር የለም። ዕቃዎቹ አየር ላይ ናቸው፣ እጆቹ ከሥራቸው ናቸው።

ቢሆንም ሥዕሉን ከሚገባው በላይ ማስናገር የለብንም። ሠዓሊው መነኩሴ ወይም ከመነኮሳት ጋር የሚሠራ ሰው ነው፤ ዳዊትን ከመዘምራኑና ከሚዘሉ አጫዋቾች ጋር መሣል ከእሱ በፊት የነበረ ልማድ ነው፤ ስለዚህ ከአሮጌ መጽሐፍ የገለበጠው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩም ቢሆን የገጹን ሚዛን ለመጠበቅ ሦስት በሦስት ተደርጎ ይሆናል። እኔ በልበ ሙሉነት የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሠዓሊው ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ሠዓሊ ኳስና ቢላዋ ቀላቅሎ የሚወረውር ሰው አይቷል፣ ይህን ዓይነት ሰው ከዘማሪ ጎን ማስቀመጥም በዘመኑ ለነበረው አንባቢ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ይህን የሚያጠነክር አንድ ጽሑፍ አለ። በ1200 ገደማ ጊሮ ደ ካላንሶን የተባለ የደቡብ ፈረንሳይ ባለቅኔ ለአንድ አጫዋች ሊያውቀው የሚገባውን የሙያ ዝርዝር በግጥም ይሰጠዋል። ብዙ መሣሪያ መምታት አለበት፣ መገለባበጥ አለበት፤ በተጨማሪም ትናንሽ ፖም ከሁለት ቢላዋ ጋር መወርወርና መያዝ ማወቅ አለበት። ፖሙ በቢላዋው ጫፍ ይቀለባል ማለት ይሁን ወይስ ፖምና ቢላዋ አብረው ይወረወራሉ ማለት፣ ስንኙ ሁለቱንም ያስኬዳል። ሁለቱንም ዛሬ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። እኔን የሚያስደስተኝ ግን መገጣጠሙ ነው። ከዊንቸስተር ብራና መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ከሥዕሉ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ክብ ነገርንና ቢላዋን በአንድ ትርኢት ውስጥ ያገናኛቸዋል። ሁለቱ አንዱ ከሌላው አልገለበጡም። እንዲህ ያለ መገጣጠም ከአሥር ዮኩላቶር ከሚሉ ሰነዶች ይበልጥብኛል።

ቁጥር ሲመጣ ሌላ መመዘኛ እናገኛለን፤ እሱም የሰው አካል ነው። ክሎድ ሻነን፣ የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ አባት የሚባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ራሱም ጀግሊንግ የሚወድ ሰው ነበር፤ በ1980 ገደማ ጨዋታውን በአንድ ቀላል እኩልታ አስቀመጠው። አንድ ኳስ አየር ላይና እጅ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ተደምሮ በእጆች ቁጥር ሲባዛ፣ አንድ እጅ ባዶና ሙሉ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ተደምሮ በኳሶች ቁጥር ሲባዛ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። እንግዲህ አንድ እጅ በየ0.4 ሰከንዱ አንድ ኳስ ይወረውራል፣ ከዚህም ውስጥ 0.28 ሰከንዱን ኳሱን ይዞ ይቆያል ብለን እናስብ። ሦስት ኳስ ከእጅ በላይ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወጣ ይበቃል፤ ሰባት ኳስ ወደ 1.5 ሜትር ይጠይቃል፤ ዘጠኝ ደግሞ 2.8 ሜትር ገደማ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ትንሽ የእጅ ስሕተት ሲወርድ ትልቅ ይሆናል። ቢላዋ ሲሆን ከዚህም ይብሳል፤ መሽከርከሩ ተቆጥሮ በእጀታው መቀለብ አለበትና።

በዚህ ዓይን የአየርላንድን ተረት እንየው። በ1100 ገደማ በተጻፈ ብራና ላይ በሚገኝ ጥንታዊ ትረካ፣ የንጉሥ ኮናሬ አጫዋች ቱልኺኔ ዘጠኝ ሰይፍ፣ ዘጠኝ የብር ጋሻና ዘጠኝ የወርቅ ፖም ይወረውራል፤ ዕቃዎቹም በብራ ቀን እንደሚተላለፉ ንቦች አንዱ ባንዱ አጠገብ ሽው ይላሉ። በዚያች ምሽት ግን ዕቃዎቹ ይወድቁበታል፤ ያ ሆኖ ስለማያውቅ የንጉሡ ሞት እንደቀረበ ምልክት ይሆናል። ቁጥሩ ከሰው አቅም በላይ ነው፤ ዘጠኝ በአየርላንድ ተረቶች ውስጥ የሚወደድ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ንቦቹን የጻፈው ሰው ሲወረወር አይቷል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ፣ ሳይጋጩ የሚተላለፉበትን መንገድ ዓይኑ ያላየ ሰው ይህን ምስል አያመጣውም። ከተረት ቁጥሩን ትቶ እንቅስቃሴውን መውሰድ ይቻላል።

አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሰን ሁለት ጊዜ ያነሣዋል። በ1220 ገደማ በጻፈው የአማልክት ታሪክ ውስጥ ንጉሥ ጊልፊ ወደ አንድ አዳራሽ ሲደርስ በሩ ላይ ያለው ሰው አጫጭር ሰይፎች ሲወረውር ያያል፤ ሰባቱ በአንድ ጊዜ አየር ላይ ነበሩ። አዳራሹ ግን በታሪኩ ውስጥ ራሱ ጊልፊን ለማታለል የተፈጠረ የዓይን ምትሃት ነው። በሌላው ሥራው፣ በኖርዌይ ነገሥታት ታሪክ፣ ከ995 እስከ 1000 የነገሠው ኦላፍ ትሪግቫሰን ሰዎቹ እየቀዘፉ ሳሉ በመቅዘፊያዎቹ ላይ ከመርከቡ ውጭ ይራመድ እንደነበር፣ በሦስት አጭር ሰይፍም ሲጫወት አንዱ ሁልጊዜ አየር ላይ ሆኖ ሌላውን በእጀታው ይቀልብ እንደነበር ይነግረናል። ያው ጸሐፊ ለምትሃት ሰባት፣ ለሥጋ ለባሽ ንጉሥ ሦስት ሰጠ። ስኖሪ የኖረው ከኦላፍ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ስለሆነ ስለ ንጉሡ ምስክር አይሆንም፤ ስለ ራሱ ዘመን ግን ይሆናል። በ1200ዎቹ የሚኖር አይስላንዳዊ አንባቢ የሚቻለው ስንት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ትንሽ ቀደም ካለው ዘመን የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት የባቢሎን ታልሙድም መጠቀስ አለበት። ስለ ዳስ በዓል በሚናገረው ክፍል ረባን ሺምዖን ቤን ገምሊኤል ውኃ በሚቀዳበት የደስታ ሥርዓት ላይ ስምንት የሚነዱ ችቦዎች አንዱን እየወረወረ ሌላውን ይቀልብ እንደነበር፣ ችቦዎቹም እንዳይነካኩ ተጽፏል። ከዚያ ሌዊ በስምንት ቢላዋ፣ ሳሙኤል በንጉሥ ሻፑር ፊት በስምንት የወይን ብርጭቆ፣ አባዬ ደግሞ በመምህሩ ፊት በስምንት እንቁላል እንደተጫወቱ ይቀጥላል። ከዚያም ጽሑፉ ራሱ አንድ ነገር ያክላል፦ አንዳንዶች አራት እንቁላል ነው ይላሉ። አራት እንቁላል የተለማመደ ሰው የሚችለው ነው። የሚነድ ችቦ ስምንት ግን በዚህ ዘመን ባሉት ምርጥ ባለሙያዎች አቅም ጠርዝ ላይ ነው። የታልሙዱ አዘጋጆች ልዩነቱን ሳይደብቁ ሁለቱንም ቁጥሮች ማስቀመጣቸው ለመርማሪ ትልቅ ውለታ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ማስረጃ ሳይሆን ማስረጃ እየተባለ የሚዞረው ነው። ሲዶኒዮስ አፖሊናሪስ የሮም ጦር አዛዥ ሆኖ በሦስት ኳስ ጀግሊንግ እየተጫወተ ወታደሮቹን ያዝናና ነበር የሚል ወሬ የጀግሊንግን ታሪክ በዓመት በዓመቱ በሚደረድሩ ዝርዝሮች ላይ ተደጋግሞ ይገኛል። ሲዶኒዮስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ባለቅኔ፣ ኋላም የክሌርሞን ጳጳስ ነው። ደብዳቤዎቹ አሉን። በአንደኛው በሊዮን ከተማ በቅዱስ ዩስጦስ በዓል ሰዎች ተሰብስበው ኳስ እንደተጫወቱ፣ አንድ ሽማግሌ ከወጣቶቹ ጋር ሲሯሯጥ ደክሞት እንደወጣ፣ ላቡን በጠረገበትም ፎጣ ላይ እሱ አራት ስንኝ እንደገጠመ ይተርካል። እየተወረወረች የምትነጠቅ ኳስ ያላት የቡድን ጨዋታ ናት። ሌላው የእመቤታችን ዦንግለር ታሪክ ነው፤ ለማርያም የሚያቀርበው ነገር የሌለው ምስኪን አጫዋች በምስሏ ፊት ጥበቡን ሲያሳይ። በ1200ዎቹ የተጻፈው የፈረንሳይኛ ግጥም የሚያወራው ስለ ተገላባጭ ነው፤ የሚያደርጋቸውን ዝላዮች የሜስ፣ የሻምፓኝ፣ የስፔን፣ የብሪታኒ፣ የሎሬን፣ የሮም እያለ በየአገራቸው ይዘረዝራል። ስድስቱን የመዳብ ኳስና አሥራ ሁለቱን ቢላዋ የጨመረለት ፈረንሳዊው ደራሲ አናቶል ፍራንስ ነው፣ በ1892። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን የኋለኛውን ስለሆነ የመካከለኛው ዘመን ማስረጃ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

ጥሩ ምስክር ምን እንደሚመስል ለማየት ከውርወራ ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ቁስጥንጥንያ እንሂድ። ጣሊያናዊው ሊዩትፕራንድ ዘክሬሞና በ949 መልእክተኛ ሆኖ በንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ሰባተኛ ግብር ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው 24 ጫማ የሚሆን እንጨት በእጁ ሳይነካ በግንባሩ ላይ አቁሞ ገባ። ከጫፉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ሁለት ክንድ የሚሆን አግዳሚ አለው። ከግልድም በቀር የለበሱት የሌለ ሁለት ልጆች ወጥተው ላዩ ላይ ይጫወታሉ፣ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ እንጨቱ ግን አይነቃነቅም። ሊዩትፕራንድን ያስደነቀው ሁለቱ አብረው ሳሉ አይደለም፤ ያኔ ክብደታቸው ይመጣጠናል። አንዱ ወርዶ ሌላው ብቻውን ጫፉ ላይ ሲቀር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መገረሙን አይቶ በአስተርጓሚ ጠየቀው፤ ልጁ ነው ወይስ ሰውየው የበለጠ የሚደነቅ? አላውቅም አለ። ንጉሠ ነገሥቱም ስቆ እኔም አላውቅም አለው።

ቁመቱ፣ አግዳሚው፣ የልጆቹ ቁጥር፣ የሚያስቸግረው ቅጽበት ሁሉም አለ። የግሪክ ጸሐፊዎች ይህን ትርኢት በየበዓሉ ያዩት ነበር፤ እንዲህ የጻፈልን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እንግዳ ነው። የመዝገብ ጸሐፊው ዝም ያለው ስለሚያውቀው ነው። አጫዋቹን ከልጅነቱ ጀምሮ ያያል፤ ማብራራት አያስፈልገውም። ስለዚህ ማስረጃ ስፈልግ የአገሬውን ሰው ሒሳብ ከማገላበጥ በፊት የመንገደኛውንና የመልእክተኛውን ጽሑፍ እከፍታለሁ።

የህዳሴው ዘመን ጠንካራው ማስረጃም በዚሁ መንገድ ነው የደረሰን። ሜክሲኮን የወረረው ስፔናዊ ሄርናን ኮርቴስ በ1528 ከሜክሲኮ ወደ ስፔን ሲመለስ የአገሬውን ሰዎች ይዞ መጣ፤ ከእነሱም መካከል አጫዋቾች ነበሩ። በ1529 ክሪስቶፍ ቫይዲትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ በቀዳማዊ ካርሎስ (በጀርመኖች ዘንድ ካርል አምስተኛ) ቤተ መንግሥት አገኛቸውና ሣላቸው። የሥዕል ደብተሩ ዛሬ በኑረምበርግ በሚገኘው የጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም ነው። አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቷል፤ በእግሮቹ ግንድ ይወረውራል፣ ያሽከረክራል፣ መልሶ ይቀልባል። ቫይዲትስ ይህን በአንድ ሥዕል አልጨረሰም፤ የእንቅስቃሴውን ደረጃዎች ለየብቻ በሦስት ሥዕል አሳየ። ከጎኑም ግንዱ የሰው ቁመት እንደሚያህልና እንደሚከብድ፣ ሰውየው ከሥሩ የጥጃ ቆዳ የሚያህል ምንጣፍ እንዳነጠፈ ጻፈ። ምንጣፉን ማስተዋሉ ሲሣል ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየ መሆኑን ይመሰክርለታል።

ለዚህ ማስረጃ ሌሎች ደጋፊዎች አሉት። ፍራንቸስኮሳዊው መነኩሴ ቤርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ከሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ከናዋ ሊቃውንት ጋር ሆኖ በ1577 ገደማ ባጠናቀቀው ታላቅ ሥራ ውስጥ፣ በጀርባ ተኝቶ ወፍራም ግንድ በእግር ጫማ ማስጨፈር ከነገሥታቱ መዝናኛ አንዱ እንደነበር በቋንቋቸው በናዋትል ተጽፏል። ከኮርቴስ ጋር የዘመተው ወታደር ቤርናል ዲያስም በ1560ዎቹ ሲጽፍ በሜክሲኮው ንጉሥ በሞክቴዙማ ግብር ላይ እንዲህ ያሉ አጫዋቾች እንደነበሩ፣ ኮርቴስም ከእነሱ ሁለቱን ወደ ሮም ወደ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ሰባተኛ ልኮ በፊታቸው እንደተጫወቱ ያስታውሳል። አንዱ የውጭ አገር ሠዓሊ ነው፣ ሁለተኛው የባለቤቶቹ የራሳቸው ቃል ነው፣ ሦስተኛው የድል አድራጊው ወታደር ትዝታ ነው። ሦስቱ በቋንቋም በዓላማም አይገናኙም፤ ስለ ግንዱና ስለ እግሩ ግን አንድ ናቸው። ለአውሮፓ ኳስ ወርዋሪዎች በዚያ ዘመን ይህን የሚያህል ምስክር አላገኘሁም።

ፍለጋውን ራሱ መቀጠል ለሚፈልግ አንባቢ መነሻው ቀላል ነው። ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ማዕከሉን ያደረገው የቀደምት እንግሊዝ ድራማ መዝገቦች ፕሮጀክት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የከተሞችን፣ የገዳማትንና የመሳፍንት ቤቶችን የክፍያ ሰነዶች እያሳተመ ነው፤ ብዙው በነፃ በኢንተርኔት ይነበባል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በጋሊካ ድረ ገጹ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን አስቀምጧል። ስትፈልጉ ዮኩላቶር የሚለውን ብቻ አትከተሉ፤ ቢላዋ፣ ሰይፍ፣ ፖም፣ ኳስ፣ መወርወር የሚሉትን በላቲንና በጥንቱ ፈረንሳይኛ ፈልጉ፤ ዕቃውና ግሡ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ነው መቆም ያለባችሁ። ያገኛችሁትንም ሥዕል ከነገጽ ቁጥሩና ከነብራናው መለያ መዝግቡ፤ ያለ መለያ የሚዞር ሥዕል ለሚቀጥለው ሰው አይጠቅምም። የእኔ ምርጫ ቢሆን የማመራው በ1529 ከሮም ወደየአገራቸው ደብዳቤ ይጽፉ ወደነበሩት አምባሳደሮች ነው። የቤርናል ዲያስ ትዝታ ልክ ከሆነ፣ ከእነሱ አንዱ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፊት ግንድ በእግሩ ሲያሽከረክር ያየውን ሰው ለጌታው ሳይጽፍ የሚያልፍበት ምክንያት የለም።